ጋሼ እንድሪስ የገለበጡት ቀሚስ

ዛሬ ጠዋት ከወልድያ በኩል የሚተኮሰው ከባድ መሣሪያ የመርሳን መስኮት ሁሉ ሲያንቀጠቅጥ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ቤት ቆሜ ጥልፍ አይ ነበር።

ሰው ልጁንና ዱቄቱን ይዞ ይወጣል። እኔ ለእህቴ ሠርግ ያሰፋሁትን ቀሚስ ላመጣ ሮጥኩ። እናቴ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ እውነቷን ነው።

ጋሼ እንድሪስ የሰፈራችን ጥልፍ ሠሪ ናቸው።

"ጋሼ፣ እንዳለ ይስጡኝ፣ ሚኒባሱ ሊሄድ ነው!" አልኳቸው።

"ክሩን ሳልቋጥር ከሰጠሁሽ መንገድ ላይ ይተረተራል። ትንሽ ታገሺኝ ልጄ።"

ከንፈራቸው በፍርሃት ደርቋል። መርፌ የያዘው እጃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ቀሚሱን ገልብጠው ውስጡን አሳዩኝ። ሁልጊዜ ያሳዩኛል፤ እኔም ሁልጊዜ "እሺ እሺ" ብዬ ተቀብያቸው እሮጣለሁ።

ዛሬ ግን አየሁት። ማንም በማያየው በኩል እንኳ እያንዳንዱ ቋጠሮ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ዓመት ሥዕል ለብሼ ስዞር ኖሬያለሁ!

"አንቱስ አይወጡም?"

መደርደሪያው ላይ የተደራረቡትን ልብሶች አዩ። "የሰው አደራ ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

አሁን ሐይቅ ከተማ ደርሰናል። ቀሚሱን ከአሮጌው ልብሴ ሥር ለብሼዋለሁ፤ ቋጠሮዎቹ ደረቴን ይነኩኛል። የጋሼ ስልክ አይሠራም።

እናንተስ ምን ለብሳችሁ ወጣችሁ? ማን ነበር የሰፋላችሁ?

ከእኛ በኋላ ከመርሳ የወጣችሁ ደግሞ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የጋሼ እንድሪስ በር ክፍት ነበር ወይስ ተዘግቷል?