የ«አርፈሽ ነይ» ሥራ

ልጄ ዛሬ ከምትሠራበት ፋብሪካ በጠዋቱ ተመለሰች። ቋሚ ልትሆን ጥቂት ሲቀራት «ትንሽ አርፈሽ ነይ፣ እንደ አዲስ እንቀጥርሻለን» አሏት። ቋሚ ከሆነችማ ስትታመም ማሳከም ግዴታቸው ነዋ!

አልተናደድኩም። ደክሞኛል መሰለኝ። ይቺን «አርፈሽ ነይ» አውቃታለሁ።

በደርግ ጊዜ እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። የሚታከመው ቋሚው ብቻ ነው። እኛን ቋሚ ልንሆን ስንል ያሳርፉንና መልሰው እንደ አዲስ ይቀጥሩናል። ስትስል የተሰማች ግን አርፋ ትቀራለች፤ በሽተኛ ማን ይቀጥራል?

ሬዲዮው ቀን ከሌት «ሠርቶ አደሩ» እያለ ያወድሰናል። ክሊኒኩ በር ላይ ግን የሚያውቀን የለም።

ሳል የሚደበቅበትን መላ የነገረችኝ ዘነበች የምትባል፣ ከጎረቤላ የመጣች ልጅ ናት፤ አብረን ነበር የምንሠራው። «እህቴ፣ ሳልሽን ዋጥ አድርገሽ ያዥው። ወፍጮው ሲያጓራ ያኔ እስኪበቃሽ ትስያለሽ» አለችኝ።

አንድ ቀን መብራት ጠፋና ወፍጮው ድንገት ቀጥ አለ። የዘነበች ሳል ብቻውን ተሰማ። «አርፈሽ ነይ» ተባለች። በዚያው ቀረች።

ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ዛሬ ምሳ ላይ ስትስል ሰማኋትና «ሥራ ቦታም እንዲህ ትስያለሽ?» አልኳት።

«አይ እማዬ፣ እዚያማ ማሽኑ እስኪጮህ እጠብቃለሁ።»

እናንተስ የት ነው የምትስሉት?