ያልተንኳኳው መስታወት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ነው? ይህን ጥያቄ ሳመነዥከው ነው የሸበትኩት። መጻሕፍቱ የሚሰጡኝ መልስ ሁሉ ሰፊ ነው። የልጄን አማት ሕይወት ግን መዳፍ በማትሞላ ክብ መስታወት ውስጥ ገብቶ አየሁት።

የሥራ ባልደረቦቹ "ጋሽ ገመዱ" ይሉታል። አውሮፕላን ሞተሩን አጥፍቶ መጠገኛው አዳራሽ፣ ሀንጋር ውስጥ ሲቆም፣ ራዲዮውና የአቅጣጫ መሣሪያው የሚፈተሹት ከውጭ በሚሰጠው ኤሌክትሪክ ነው። ጋሽ ገመዱ ባለ ጎማውን የኃይል ማሽን ገፍቶ ያስጠጋል፤ ወፍራሙን ገመድ ከአውሮፕላኑ ጎን ይሰካል፤ ቮልቱን አይቶ አውራ ጣቱን ያነሳል። ያኔ በአብራሪው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የመሣሪያ ባለሙያ ማብሪያዎቹን ትጫናለች።

የማሽኑ ቮልት መለኪያ ያረጀ ነበር። መርፌው ትክክለኛው ልክ በሆነው ሃያ ስምንት ላይ ተለጥፎ መቅረት ይወዳል። ስለዚህ የሀንጋሩ ሰው ሁሉ መስታወቱን በጣቱ አንጓ ሳያንኳኳ መርፌውን አያምንም። "መጀመሪያ አንኳኩ! ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?" እያለ ጀማሪዎቹን የሚያስቀው ራሱ ጋሽ ገመዱ ነበር።

ልጆቻችን ሊጋቡ ባሉበት ሰሞን እኔንና ባለቤቴን ሥራ ቦታውን እንድናይ ጋበዘን። ሸሚዙን አስተኩሶ ጠበቀን። ባለቤቴ ዙሪያውን እያየች፣ "ይሄን ሁሉ የሚያበሩት እርስዎ ነዎት?" ስትለው ትከሻው ሰፋ።

"እኔ ካልፈቀድኩ ይቺ ወፍ አትተነፍስም" አለ።

ባለሙያዋ ከላይ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ "ጋሼ፣ ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ? ልጀምር ወይስ ጭፈራው ይቅደም?" ብላ ሳቀችበት።

ገመዱን ሰክቶ ወደ መለኪያው ጎንበስ አለ። ጣቱ ሲነሳ አየሁት፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ባለቤቴ ሸርተት አለና ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ትርጉሙን ያኔ አላወቅኩም። ኋላ እንደነገረኝ፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ ለማኝ መስሎ መታየት አሳፍሮት ነው። "የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ 'ሥራው ይሄ ነው እንዴ?' የሚሉኝ መሰለኝ።" መርፌው ሃያ ስምንት ይላል። አውራ ጣቱን አነሳ።

ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። "ያጥፉት! ጋሼ፣ ያጥፉት!" ብላ ባለሙያዋ ከላይ ጮኸች። ከማጥፋቱ በፊት መስታወቱን አንኳኳ፤ መርፌው ከልኩ አልፎ ዘሎ የላይኛውን ጥግ መታ። ይህን ያየ እሱ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ መርፌው ምንም እንዳልተፈጠረ ዜሮ ላይ ተኛ።

የሀንጋሩ አለቃ እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ አንኳኩተዋል?"

እኛ ቆመናል። ባለቤቴ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ይዛለች።

"አንኳኩቻለሁ" አለ።

"እንግዲያው ጥፋቱ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ነው" አለ አለቃው፣ ቀና ብሎ ወደ ባለሙያዋ ልጅ እያየ። በዚያው ቀን ከወንበሯ ተነስታ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበች።

ይሉኝታ ክፉን ከመሥራት ይመልሳል ሲባል ሰምቼ ነበር ያደግኩት። ከአፍረት የሚወለድ ጥፋት እንዳለ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

በማግስቱ አለቃው ዘንድ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ። "ጋሼ፣ ለበላዮቹ ነግረን ተዘግቷል" አለው አለቃው። "አሁን ብንከፍተው ሁላችንም ውሸታሞች ነን። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።" እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ እውነት ግን አንድ ሌሊት ቢያድር ደፈረሰ።

ግምጃ ቤት ወረደ። "ልጄ፣ አላንኳኳሁም" አላት።

ብሎኖች እየለየች ነበር፤ ቀና አላለችም። "እኔ እኮ ጋሼ፣ መለኪያውን አላየሁም። ያየሁት የእርስዎን ጣት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ያገኘውን መስታወት ሁሉ ያንኳኳ ጀመር፤ የግድግዳ ሰዓት፣ የመኪና መስኮት፣ የውሃ ብርጭቆ። የልጅ ልጆቻችን ተከትለውት እያንኳኩ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቅና ፊቱን ያዞራል።

ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ በሀንጋሩ ተሰበሰቡ፤ እኔንም ጠሩኝ። ያንን አሮጌ መለኪያ አውልቀው፣ ወልውለው፣ እንጨት ላይ ሰክተው አበረከቱለት። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለሚወዱት ነው። "ያንኳኩ! ያንኳኩ!" እያሉ ጮኹ። ጣቱን ኪሱ ከተተ።

"ይሄ ይቅርብኝ" አለ ወደ አለቃው ዞሮ። "ስጦታ ካላችሁ፣ ልጅቷን ወደ ወንበሯ መልሱልኝ።"

አለቃው ፈገግ ብሎ አጨበጨበ፤ የቀሩትም ተከትለውት አጨበጨቡ። ልጅቷ ዛሬም ግምጃ ቤት ናት።