የጋሼ ታደሰ ግራ እግር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ የአሠሪዬን ሽቶ ሰርቄ መቀባቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን በየዓመቱ እዘላታለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር፤ የወንድሜን እግር ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ ታደሰ ታላቄ ነው። ከደርግ እስር አምልጦ ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግሩ የተጓዘ ሰው፣ ካይሮ አይን ሻምስ በተከራየናት ክፍል አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ። እግሩ መለስ ማለት ሲጀምር ደግሞ ጡንቻው ይገትረው ጀመር፤ ተረከዙ ከመሬት ይነሳል፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። በነጻ የምትረዳን ግብፃዊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች፣ ዱክቶራ ነው የምንላት። ጠዋትና ማታ ተረከዙን በመዳፌ ይዤ የእግሩን ፊት ቀስ አድርጌ ወደ ላይ እንድገፋ፣ ከዚያ እግሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን የፕላስቲክ ድጋፍ አስሬ እንዳስቆመው አስተማረችኝ። «ከተውሽው ጡንቻው ያጥራል» አለችኝ። ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በአራተኛው ወር ግድግዳውን ይዞ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ተራመደ። እየሳቀ «አበባ፣ ሱቅ ልትልኪኝ ነው?» አለኝ።

እኔ ምን አሰብኩ? ፋይሉን! ስደተኞች ቢሮ ፋይላችን «ሜዲካል» ተብሎ ተይዞ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግረንን ኢንተርቪው እየጠበቅን ነበር። እኛ ሐበሾች ደግሞ ቢሮው ደጃፍ ተሰልፈን ሕግ እናወጣለን። አንዲት ወዳጄ እዚያው ሰልፍ ላይ «እየተራመደ ከገባ ኸላስ፣ ፋይሉ ይዘጋል» አለችኝ። ማን ነገራት? ማንም። እኔስ ለምን አመንኳት? መሄድ ስለፈለግሁ! የሰው ቤት መወልወል ስለመረረኝ! ለእሱ ብዬ ነው አልልም።

ድጋፉን ቁም ሳጥን ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ኋላ ደበቅሁት። ለጋሼ «ዱክቶራ እስከ ኢንተርቪው ድረስ እረፍ ብላሃለች» አልኩት። ዋሸሁት። ለእሷ ደግሞ ሥራ በዛብኝ፣ ላመጣው አልቻልኩም አልኳት። በሦስት ሳምንት ይደርሳል ያልኩት ኢንተርቪው ሁለቴ ተላልፎ አምስት ወር ሆነ። እግሩ ዓይኔ እያየ ተኮማተረ። እኔ በየጠዋቱ እሱን አልፌ፣ በሁለት ጤነኛ እግሬ ወደ ሜትሮ ሄድኩ።

በቀኑ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ አስገባሁት። ጠያቂዋ ስለ እስሩና ስለ ድንበሩ ጠየቀችው እንጂ እግሩን አንዴ እንኳ አላየችም። ስንወጣ አላስችል ብሎኝ «ቢራመድ ኖሮስ?» አልኳት። «ለውጥ የለውም፤ እኛ የምናየው የሐኪሙን ወረቀት ነው» አለችኝ። መልሱም እምቢ ሆኖ መጣ።

ዱክቶራ ጋ ስንመለስ ተረከዙን ይዛ ገፋች። ንቅንቅ አላለም። «ማነው ልምምዱን ያስቆመው?» ብላ ጮኸች። እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? «ሰነፈ» አልኳት። አጠገቧ ተቀምጦ እየሰማ! ዓረብኛ ከእኔ አብልጦ እያወቀ!

ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። ሁሉም የገባው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ማሌሽ ያ ዱክቶራ፣ ይቅርታ፣ ሰነፍኩ» አላት። እሷም እንደ ልጅ ተቆጣችው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ፤ አንድ ቀን አላነሳብኝም። ለምን አልሰደበኝም? ለምን በደህናው እጁ በጥፊ አላለኝም? በዚህ ዛሬም ድረስ እናደድበታለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ምን ይባላል? ይህም ሌላ ኃጢአት ነው፣ እሱንም ጻፉብኝ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችለው እሱ ነበር፣ በቁሙ አልጠየቅሁትም። ያቺ ዱክቶራ ግን ምናልባት ዛሬም በሕይወት ትኖር ይሆናል። ካገኛችኋት አንድ ነገር ንገሩልኝ፤ ጋሼ ታደሰ ሰነፍ አልነበረም።