ከማሽላው ሥር ያለው ጉድጓድ

ከአሶሳ ወጣ ብሎ ያለው ቀበሌያችን ድሮ ወርቅ ይወጣበት ነበር። ወላጆቼ በሰፈራ ሲመጡ ቆፋሪዎቹ ወደ ሌላ ወንዝ ሄደው፣ ጉድጓዶቹ ብቻ ቀርተው ነበር። መሬት ለኪዎች የመጡ ዓመት፣ ጉድጓድ ያለበት ማሳ ከእርሻ አይቆጠርም የሚል ወሬ ተነዛ። ያን ሰሞን በሰፈራችን ጉድጓዱን ያልደበቀ ገበሬ አልነበረም። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከአባቴ ጋር በጉድጓዱ አፍ ላይ እንጨት ረብርበን፣ የማሽላ አገዳ ደልድለን፣ አፈር አለበስነው። በዓመቱ ማሽላ በቀለበት። አባቴ ሲያርስ ግን በሬዎቹን በዚያ ላይ አያሳልፍም፤ ዞሮ ያልፍ ነበር።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቤት ተቀምጫለሁ። የአባቴ ወገብ እምቢ ስላለው ማሳውን ለጎረቤታችን በእኩል እንዲያርሰው ሰጠው። ስለ ጉድጓዱ ግን ትንፍሽ አላለም።

«አባዬ፣ ንገረው እንጂ» አልኩት፣ ጎረቤታችን ሊያርስ አንድ ቀን ሲቀረው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አፈር ሞልቶት ተደፍኗል። ደግሞስ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? አፍሽን ያዥ።»

ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከማሳው ዳር ቆሜ ሳይ፣ ጎረቤታችን በሬዎቹን እየነዳ ትልም በትልም ወደ ቦታው ተጠጋ። ለመጣራት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ሰው ፊት ሲሆን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያደርገኛል። ሮጬ ሄጄ በሬዎቹ ፊት ቆምኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ዲግሪሽን በበሬዎቼ ላይ ልትሞክሪው ነው?» አለ እየሳቀ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጉድጓድ አለ።»

«ማን አለሽ?»

«እኛ ነን የሸፈንነው።»

ሳቁ ጠፋ። ረጅም እንጨት ፈልጎ ከኋላዬ ያለውን መሬት ወጋው። እንጨቱ እስከ እጁ ድረስ ሰመጠ። በሬዎቹን ፈታ።

«ሌላስ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ። የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

ለካ አባቴ ምርኩዙን ይዞ ከቤት ወጥቶ ያየን ነበር። አንዳችንንም ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ማሳው መሃል ገባና ምርኩዙን እንደ ምልክት መሬት ላይ አጋደመው። ድንጋይ ይበዛበታል እያለ በሬ የማያስገባበት፣ እናቴና እኔ በየዓመቱ በዶማ የምንቆፍረው ቦታ ነበር።

ከዚያ ወገቡን ይዞ ወደ ማሳው ታችኛው ጥግ መሄድ ጀመረ።