የሰም ጠብታ ያለበት ካርታ

በልጅነቷ አንዲት የቀለም ጠብታ ወረቀቷ ላይ ከወደቀች እስኪፍቁላት ድረስ ታለቅስ ነበርና፣ የአባቷ አጎት የሆኑት መነኩሴ «ነቁጤ» የሚል ቅጽል አወጡላት። ቅጽሉም አብሯት አደገ። አሁን ጸጉሯ ገብስማ ሆኖ፣ ባሏ መስታወት ከሚቆርጥበት ሱቅ ጓሮ አሮጌ ካርታና ሥዕል እያደሰች ስትኖር፣ ሰፈሩ የሚያውቃት በዚሁ ነው።

ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ብራና መወጠሩን፣ ቀለም መበጥበጡን፣ ብሩሽ አያያዙን ሁሉ አሳይተዋታል። የነፈጓት አንድ ነገር ነው። ሥራዋን አይተው «ይሁን» ይላሉ እንጂ «ጎበዝ» ብለዋት አያውቁም። ስታኮርፍ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያሉ ይስቁባታል። ካገባች በኋላ ሥራው በዛ፣ መንገዱም ራቀ፤ ሰላምታ በሰው መላክ ሆነ። ዓይናቸው እየደከመ መምጣቱን ሰምታለች፤ ዛሬ ነገ ስትል ግን ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን የገዳማቸው በረኛ በጨርቅ የተጠቀለለ ብራና ይዞላት መጣ። የዓለም ካርታ ነበር። የገዳሙ ሊቃውንት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተቀባበሉ ሥለውታል፤ አጎትየውም በጉብዝናቸው ወራት ጉንጫቸውን ነፍተው የሚተነፍሱ ነፋሳትን በአራቱ ማዕዘን ጨምረውበታል። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ገበያ እንኳ በቅጡ የማያውቁ ሰዎች፣ ባሕሩን በሰማያዊ፣ ዓሣ ነባሪውን በወርቅ፣ ቅድስቲቱን ከተማ መሐል ላይ አድርገው ዓለምን እንደ ሙሽራ አስጊጠዋታል። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ አፍስሶ ነው ግርጌው የረጠበው። እርጥበቱን ብቻ አድርቂልኝ፣ ሌላውን እንዳትነኪ፣ ብለው አጎትየው ልከዋል።

እርጥበቱን አደረቀች። ይሁንና እዚህም እዚያም የሰም ጠብታ ደርቆበት ነበር፤ አንዱ ወደብ ላይ፣ አንዱ ተራራ ራስ ላይ። አንድ ዝንጉ ሰው ሻማ ይዞ ያነበበበት መሰላት። ነቁጤና ነቁጥ ደግሞ በአንድ ቤት አያድሩም። ባሏ እስቲ መጀመሪያ ጠይቂያቸው ቢላት፣ ላስደንቃቸው ነው አለችው። ማንኪያ እያሞቀች ሰሙን አቀለጠች፣ በስስ ወረቀት አስመጠጠች፣ የቀረውን በምላጭ ጫፍ ላጠች። ባሏ ዓለምን ከኃጢአቷ አጸዳሻት ብሎ ቀለደባት። እሷ የምታስበው ያቺን አንዲት ቃል ነበር።

ራሷ ይዛው ሄደች። የገዳሙ አለቃ አይተው ተደሰቱ፤ ከእንግዲህ ሻማ የያዘ ሰው አይጠጋውም አሉና ወጡ። አጎትየው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችላቸው። በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፤ እንደገናም ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ይሄ የኔው ነው?»

«የርስዎው ነው፣ አባባ። ጸዳ እኮ! አንዲት ጠብታ አልቀረችም።»

እጃቸው ቆመ። ከዚያ ፊቷን ሊዳስሱ ዘረጉት፤ እጁ ግን እሷ በሌለችበት በኩል አየሩን ቀዘፈ። ያን ጊዜ ገባት። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሰሙንም ያኖሩት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ፣ አለቃው እንዳያዩ እየተደበቁ፣ አንድ በአንድ ያንጠባጠቡት እሳቸው ናቸው። በየጧቱ በጣታቸው ከሰም ወደ ሰም እየተሻገሩ ዓለምን ይዞሩበት ነበር። ምስጢሩን ያልላኩባትም ለበረኛው መንገር ለአለቃው መንገር ስለሆነ ነው።

«ሻማ ላምጣና መልሼ...»

«አለቃው ያሉትን ሰምተሻል።» በጣታቸው ብራናውን አንድ ጊዜ ጠረግ አደረጉት። «እጅሽ ግን ለስላሳ ነው። የተላጠበት ቦታ እንኳ አይታወቅም። ጎበዝ ነሽ፣ ነቁጤ።»

ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል መጣ፤ የምታስቀምጥበት አጣች። አጠገባቸው ተቀምጣ ጣታቸውን ያዘችና፣ ይሄ ወደቡ ነው፣ ይሄ ተራራው፣ ይሄ የሣሉት ነፋስ ጉንጩ፣ እያለች እስኪመሽ አዞረቻቸው። ደወል ተደወለ፤ እንግዳ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ቶሎ እመለሳለሁ አለቻቸው። «ይሁን» አሉ።

ከበሩ ላይ ዞራ ስታይ፣ ጣታቸው እሷ የተወችው ቦታ ነበር፣ ሰማያዊው ባሕር መሐል፤ ወደ የብስ የሚመራው ምንም የለም።