የማይንኳኳ በር

ግሬይ ኮቭ ውስጥ በር አይንኳኳም። ጎረቤት በጓሮ በር ዘው ብሎ ወጥ ቤት ቁጭ ይላል። ያንኳኳ ካለ ወይ ባዕድ ነው፣ ወይ ሞት። ሞት ሦስት ጊዜ እንደሚያንኳኳ በዚህ የኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

ብራይድ ሃንራሃን ባሏን ባሕር የወሰደባት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በዓሣ ፋብሪካ ቢላ ይዛ የቆመች ሴት ነበረች። በስልሳ ሁለት ዓመቷ የደም ካንሰር ያዛት፤ በዚያው ጸደይ የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። ከሦስተኛው ኬሞቴራፒ በኋላ ነርሷ ደወለችላት።

«ነጭ የደም ሕዋስሽ አልቋል ማለት ይቻላል። ለሦስት ሳምንት ማንም እንዳይገባ። እጅሽን ታጠቢ፣ ሙቀትሽን ጠዋትና ማታ ለኪ። ሠላሳ ስምንት ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ደውዪ።»

የጓሮው በር ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። ብራይድ እጀታውን በመረብ ገመድ አስራ ከምድጃው እግር ጋር አያያዘችው።

በማግስቱ ልክ አሥር ሰዓት ላይ እጀታው ዝቅ አለ። ገመዱ ተወጠረ።

«አምብሮዝ!» ብላ ጮኸች።

ጎረቤቷ አምብሮዝ ዊላን ባሏ ከሞተ ወዲህ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ሻይ ሊጠጣ ይመጣል። በመስኮት ብቅ አለ። «ውይ፣ አንቺ ልጅ! እኔማ አውቃለሁ፤ እጄ ነው የማያውቀው።»

«እጅህን እቤትህ ትተኸው ና!»

«ታዲያ ያንን የዓሣ እጣቢ የመሰለ ሻይሽን በምን ልያዘው?»

ዘጠኝ ቀን እጀታው በአሥር ሰዓት ዝቅ አለ። ዘጠኝ ቀን እሱ ከሄደ በኋላ ጓንት አድርጋ በበረኪና ወለወለችው።

በአሥረኛው ቀን እጀታው አልተነቃነቀም። በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ብራይድ መጀመሪያ ያደረገችው ሙቀቷን መለካት ነበር፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። አምብሮዝ አጥሩ ጋ ርቆ በዱላው ተደግፎ ቆሟል።

«እንዳትከፍቺ» አለ፤ ድምፁ ሻክሯል። «ሌሊቱን ሲያተኩሰኝ አደረ። እጀታውን እንዳልነካ በዱላ ነው ያንኳኳሁት።»

«አስፈራኸኝ እኮ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«እኔም ፈርቻለሁ፣ ብራይድ።»

አመሻሹ ላይ አምቡላንስ ወሰደው። በስምንተኛው ቀን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። አጠገቡ ሰው አልነበረም።

እሷን አላተኮሳትም። ከቀብሩ ሦስት ቀን በኋላ ነርሷ ደወለች። «የነጭ ደም ሕዋስሽ ቁጥር ከፍ ብሏል። አሁን ማስክ አድርገሽ ከአንድ ሰው ጋር መቀመጥ ትችያለሽ።»

የዚያን ዕለት፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ እጀታው ዝቅ አለ። ገመዱ ተወጠረ።

በመስኮት አየች። ጠዋት የጣለው በረዶ ጓሮውን ሞልቶታል፤ አንድም የእግር ዱካ የለበትም። ገመዱ ግን እንደተወጠረ ነው።

ብራይድ እስከ ሃያ እየቆጠረች እጇን ታጠበች። ማስኳን አጠለቀች። ቋጠሮውን ፈታችው።

በዚያ ቤት ለጎረቤት «ግባ» ተብሎ አያውቅም ነበር።

«ግባ፣ አምብሮዝ» አለች።