ኮረሪማው ሸተተኝ

ቡሬ ገበያ በርበሬ መሸጥ ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። እርጥበት የነካውን በርበሬ ጆንያው ሳይፈታ በአፍንጫዬ ብቻ እለይ ነበር። አንድ ክረምት ግን ክፉ ጉንፋን ያዘኝና ሲለቀኝ ሽታ የሚባል ነገር አብሮት ሄደ።

የሚገርመው፣ በርበሬው ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ ሽታው ግን የለም። ፍኖተ ሰላም ያየኝ ሐኪም፣ «ማቃጠሉን የሚሰማው ነርቭ ሌላ ነው፤ የተጎዳው የሽታው ነው። ታገሺ» አለኝ። ታገስኩ፤ ደንበኛ ፊት ግን በርበሬውን አሸትና እንዳወቀ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

ከጎኔ ቅመም የሚሸጡ አንዲት ሙስሊም እናት ነቁብኝ።

«እታለም፣ የምታሸቺ ትመስያለሽ እንጂ አታሸቺም።»

«እንዴት አወቁ፣ እትዬ?»

«ተይው። ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ነጭ ሽንኩርት በየተራ አፍንጫዬ ሥር ይይዙልኛል። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ምንም» እላለሁ። ሳይሰለቹ ይቀጥላሉ።

በሦስተኛው ወር አንድ ነገር አፍንጫዬን ጠቅ አደረገኝና ዓይኔን ገልጬ እጃቸውን አየሁ።

«ነጭ ሽንኩርትዎን ናፍጣ ነካው እንዴ?»

እልልታቸውን አቀለጡት። «ስሙን ቢሳሳትም መጥቷል!»

እውነታቸውን ነበር። ለሳምንታት ሁሉም ነገር በሰው ስም መጣ፤ ሳሙናው እንደተቃጠለ ጎማ፣ ወተቱ እንደ ዝገት ሸተተኝ። ምግብ ቢያስጠላኝም ልቤ ግን ይጨፍር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ጣፋጭና ቀዝቃዛ ነገር ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። ስሙ አፌ ላይ ሳይደርስ እንባዬ ቀደመ።

«ኮረሪማ!» ብዬ ስጮህ ገበያተኛው ሁሉ ዞረ።

ሮጬ የራሴ መደብ ጋ ሄድኩ። ከሽንዲ የመጡ አንድ ገበሬ ሦስት ጆንያ በርበሬ አውርደው ይጠብቁኛል። ሰላም እንኳ ሳልላቸው ጆንያዎቹን እያቀፍኩ አሸተትኩ። የመጀመሪያው ደህና፤ ሁለተኛውም ደህና። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ዘለልኩ።

«ሻግቷል! ይኼ ሻግቷል!»

ገበሬው ጆንያውን ፈትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ። ከሥር ያወጡት በርበሬ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። እኔ በደስታ አጨበጭባለሁ።

«እህቴ፣ የኔ በርበሬ መበላሸት ነው እንዲህ የሚያስፈነድቅሽ?» አሉኝ ግራ ገብቷቸው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሞክር ሳቄ አላናግር አለኝ። ጎረቤቴ መጥተው ነገሩን ሁሉ ሲያስረዷቸው ገበሬውም አብረውን ሳቁ።